ስለ ቋሊማና ስለ ዳቦ



ባለፈው በዓለ ኀምሳ፥ ጾሙ ተፈትቶ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ በሚበላበት ወራት፥ በቤታችን አንዲት ትንሽ ቅሬታ ተነሥታ ነበር። ትንሽ ብትሆንም ሁለት ቀን ሙሉ ገበታችንን ከፍላ ሰነበተች። በመጨረሻው ግን ለብዙ ቤት የሚጠቅም ትምህርት ስላተረፈችልን፥ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለእርስዋ ልንሰጥ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የሚማር የእኅታችን ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ከእኛ ዘንድ አረፈ። በቤታችን እናታችን፥ ማለት የእርሱ አያት፥ አብረውን ይኖራሉ። ልጁ በዚያ አገር ከትምህርት ቤት ሲወጣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚበላውን ምግብ ለአያቱ ሊያቀምሳቸው ወደደና፥ በላስቲክ የታሸገ «ሶሴጅ» ከአንድ መደብር ገዝቶ መጣ። ራሱ ጠበሰው፤ ዳቦውን ሰንጥቆ ከተተው፤ በሁለት እጁም ይዞ አቀረበላቸው።

እናታችን ዳቦውን ገለጥ አድርገው አዩና «ልጄ፥ ውስጡ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ሥጋ ነው፥ እማማ» አላቸው።

«የምን ሥጋ?»

ልጁ መጠቅለያውን አንሥቶ ማንበብ ጀመረ፤ ዳሩ ግን ጽሑፉ ደቃቅ፥ ስሞቹም እርሱም ሆነ እኛ የማናውቃቸው ነበሩና የሚመልሰው አጣ። በመጨረሻም «እኔ እንጃ፥ እማማ፤ ግን ሰው ሁሉ ይበላዋል፤ እርስዎም ይቅመሱት» አለ።

«ሰው ሁሉ የሚበላውንስ መች ጠየቅሁህ» አሉና ሰሐኑን ቀስ አድርገው ወደ እርሱ መለሱት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ ምሳውን በውጭ መብላት ጀመረ። አያቱም ከገበታ ቀርበው አንድ ጕርሻ ከወሰዱ በኋላ «ይበቃኛል» ማለት አበዙ። እኛ በመካከል ሆነን፥ የመጀመሪያ ሐሳባችን ልጁን መገሠጽ ነበር፤ ሁለተኛው ሐሳባችን ደግሞ እናታችንን «ምነው ቢቀምሱለት?» ማለት ነበር። ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ግን ከሁለቱ አንዱም እንዳልበደለ ተረዳን። ልጁ በሩቅ አገር ያገኘውን ደስታ ከሚወድዳቸው ሰው ጋር ሊካፈል ፈለገ፤ ይህ ነውር የለበትም። አያቱም ወደ አፋቸው የሚገባውን ነገር ለማወቅ ጠየቁ፤ ይህም ንቀት አይባልም። የጐደለው የጥያቄው መልስ ብቻ ነበር። ስለዚህ መልሱን በገዛ እጃችን ልንሠራው ቈረጥን።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ይህ ምግብ ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት መናገር ይገባናል። የምግብን ታሪክ ያላወቀ ሰው ወይ ያለ ምክንያት ይጸየፈዋል፥ ወይ ያለ ምክንያት ያደንቀዋልና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ልጁ በማርሴይ የለመደው ቋሊማ ስሙ «መርጌዝ» ይባላል። መርጌዝ በሰሜን አፍሪካ፥ ማለት በአልጄሪያ፥ በቱኒዚያና በሞሮኮ የሚሠራ ቀጭን ቀይ ቋሊማ ነው። ሥጋው የበግ ወይም የበሬ፥ አለዚያም የሁለቱ ድብልቅ ነው። ቅመሙ በርበሬ፥ ከሙን፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ድንብላልና የእንስላል ፍሬ ሲሆን፥ የሚሞላውም በደንብ በታጠበ የበግ አንጀት ውስጥ ነው። ቅላቱ ከሥጋው ይልቅ ከበርበሬው የመጣ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑራት፤ በኋላ ከእሳቱ ዘንድ ስንደርስ እንፈልጋታለንና።

ይህ ቋሊማ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ የገባበት ታሪክ ኀዘን የተቀላቀለበት ነው። ፈረንሳይ የአልጀርስን ከተማ በ1830 በጦር ኀይል ያዘች፤ ከዚያም በኋላ አገሩን እስከ 1962 ድረስ ገዛች። ከ1954 ጀምሮ ብዙ ደም የፈሰሰበት ጦርነት ከተደረገ በኋላ አልጄሪያ ነጻ ስትወጣ፥ በዚያ ተወልደው ያደጉ ብዙ መቶ ሺህ አውሮፓውያን ቤታቸውን ትተው ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ መጀመሪያ የረገጡት የማርሴይን ወደብ ነው። ለሥራ ወደ ፈረንሳይ የሄዱ የሰሜን አፍሪካ ተወላጆችም ከዚያ በፊት ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ በዙ። እነዚህ ሁለት ወገኖች ጦርነት የለያያቸው፥ አንዱ በሌላው ዘንድ ቂም ያለበት ቢሆኑም፥ የምግብ ትዝታቸው አንድ ነበር። የአንዱም የሌላውም እናት መርጌዝን ጠብሳ ታበላ ነበርና። በአዲሱ አገራቸው ሥጋ ቤት ከፈቱ፤ ከሰል አቀጣጠሉ፤ ቋሊማውንም «ባጌት» በሚባለው በረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ ውስጥ እያደረጉ ይሸጡ ጀመር።

ዛሬ በፈረንሳይ በኳስ ሜዳ ደጃፍ፥ በገበያ ቀን፥ ሠራተኞችም ለሰልፍ በሚወጡበት አደባባይ የመርጌዝ ጢስ አይታጣም። ከቋሊማው ላይ የተጠበሰ ድንች ይጨመራል፤ «አሪሳ» የሚባለው የሰሜን አፍሪካ የበርበሬ ድልህም በዳቦው ላይ ይቀባል። በ2022 በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የተባለው የዓለም የባህል ድርጅት፥ የፈረንሳይን የባጌት አጋገር ጥበብና የቱኒዚያን የአሪሳ አሠራር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጻፋቸው። በመንገድ ዳር በአንድ ዳቦ ውስጥ ሲገናኙ የኖሩት ሁለቱ፥ በመዝገቡም ላይ በአንድ ሳምንት ተገናኙ ማለት ነው።

ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ለተመለከተው በርበሬውም ራሱ ለአፍሪካ እንግዳ ነው። የበርበሬ ጥንተ መገኛው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላው ዓለም የተበተነው ኮሎምቦስ በ1492 ካደረገው ጕዞ በኋላ ነው። ድንችም ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣ ሲሆን፥ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ዳቦውን «ፉርኖ» የምንልበትም ስም የመጣው ከኢጣሊያ ቋንቋ ነው። ዛሬ ግን ዶሮ ወጥን ያለ በርበሬ የሚያስብ ማን ነው? ስለዚህ አንድ ምግብ ከሩቅ መጣ ተብሎ አይነቀፍም፤ ከሩቅ ስለ መጣም ብቻ አይመሰገንም። የሚገባው ጥያቄ እናታችን የጠየቁት ነው፤ ውስጡ ምንድን ነው?

እንጀራን ያየ ሰው ከምን እህል እንደ ተጋገረ ይገምታል። ጥብስን ያየ ሰው ሥጋውን ይለያል። ቋሊማ ግን ፊቱን የሸፈነ ምግብ ነው፤ ሥጋው ደቅቆ፥ ተቀምሞ፥ ልብስ ለብሶ ይቀርባልና ምንነቱ ከውጭ አይታወቅም። በአውሮፓ ብዙ ዐይነት ቋሊማ የሚሠራው ከእሪያ ሥጋ ነው። የበሬ ሥጋ ነው የተባለውም አንዳንድ ጊዜ የሚሞላው በእሪያ አንጀት ውስጥ ይሆናል፤ ይህንንም የሚያውቀው የመጠቅለያውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ብቻ ነው። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ቤት ደግሞ እሪያ አይበላም፤ የሚበላውም እንስሳ በማን ስም እንደ ታረደ ይጠየቃል። በፈረንሳይ መርጌዝ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የእስልምና ተከታዮች ናቸው፤ ሥጋውንም እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዐት ያርዱታል። እነርሱ በእምነታቸው እንደሚጠነቀቁ እኛም በእምነታችን እንጠነቀቃለን፤ በዚህ ነገር ማንም ማንን ሊነቅፍ አይገባውም። የሰውን ሳይነቅፉ የራስን ለመጠበቅ የሚሻለው መንገድ ሥጋውን ከሚያውቁት እጅ ገዝቶ በቤት መሥራት ነው።

ከጤናም በኩል ሌላ ምክንያት አለ። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በላዩ ነው፤ ስለዚህ ላዩ በደንብ ሲጠበስ ይሞታሉ። ሥጋው በተፈጨ ጊዜ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባና ከሁሉም ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ የተፈጨ ሥጋ መቼ እንደ ተፈጨና በምን ንጽሕና እንደ ተያዘ ማወቅ የግድ ነው። ደግሞ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል፥ እንዲቆይ ተብሎ በጨው፥ በማቆያ መድኃኒት ወይም በጢስ የተዘጋጀ ሥጋ ለአንጀት ካንሰር ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች ጋር እንዲቈጠር ወስኗል። በቤት የሚሠራው ቋሊማ ማቆያ መድኃኒት የለበትም፤ ቢሆንም ጮማውና ጨው ያለበት ምግብ ነውና፥ የበዓል እንጂ የዘወትር ቀለብ እንዳይሆን እንመክራለን።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በቅዳሜ ጧት ልጁን ጠርተን «ዛሬ ሠሪው አንተ ነህ፤ መካሪህ አያትህ ናቸው» አልነው። እናታችንንም «ቅመሙን እርስዎ ካልመረጡልን አይሆንልንም» ብለን ወደ ማዕድ ቤት አመጣናቸው። ስለ ምን እንደምንነጋገር ሲጠይቁን «የተፈጨ ሥጋ ቀምመን፥ ጠቅልለን ልንጠብስ ነው፤ ሶሴጅ የሚለው እርሱን ነው» አልናቸው።

እናታችን ሣቅ አሉና «ቋሊማ ነው እንጂ ምን ሶሴጅ ትሉታላችሁ! እናቴ ለበዓል ትሠራው አልነበረምን?» አሉ። ከዚያም ተቀምጠው፥ እናታቸው የበሬ ሥጋ ከትፈው፥ በበርበሬ፥ በዝንጅብልና በኮረሪማ ቀምመው፥ በታጠበ አንጀት ሞልተው፥ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ እንዴት ይሰቅሉት እንደ ነበረ አንድ በአንድ ነገሩን። ልጁ እጁ ላይ ቢላዋ ይዞ ቆሞ ያደምጥ ነበር። እኛም ብንሆን ይህን ከእናታችን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበርና አፈርን።

የመጀመሪያው ሥራችን ግን አልቀናም። ጥፋቱም የእኛው ነበር። እንግዳ ለማክበር ብለን ጮማ ያልነካው ቀይ ሥጋ አስመጣን፤ ልጁም ቸኩሎ ሳያሽ ጠቀለለው። ከእሳቱ በወጣ ጊዜ እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረካከሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እናታችን ግን አንዱን አንሥተው ከዳቦ ጋር እስከ መጨረሻው በሉት። «እማማ፥ ይተዉት፤ ተበላሽቷል እኮ» ቢላቸው፥ «ደረቅ ነው፤ ግን አውቀዋለሁ» አሉት። በዚያች ቃል ቅሬታው አለቀ። የቀረው የሙያ ነገር ብቻ ነበርና በሳምንቱ በትክክለኛው መንገድ ሠራነው፤ ለአንባቢዎቻችንም የምንጽፈው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ለዐሥር ሰው የሚበቃው ልክ ይህ ነው። 700 ግራም ቀይ ሥጋ፥ የበሬ ወይም የበግ፥ ከወርች ወይም ከአንገት፤ 300 ግራም ጮማ ወይም የበግ ላት፤ 16 ግራም ጨው፥ ይኸውም ከሦስት ልክ የሻይ ማንኪያ ጥቂት የጐደለ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፤ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሙንና ድንብላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የእንስላል ፍሬ፤ ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤ አንድ የቡና ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ። በርበሬው አስቀድሞ የተቀመመ ከሆነ ሌላውን ቅመም በግማሽ መቀነስ ይሻላል፤ አለዚያ ቅመሙ ሥጋውን ይውጠዋል።

አንደኛ፤ ከሙኑን፥ ድንብላሉንና የእንስላሉን ፍሬ በደረቅ ምጣድ መዓዛቸው እስኪወጣ ድረስ ማመስና በሙቀጫ መውቀጥ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ከጨው ጋር ይወቀጣል።

ሁለተኛ፤ ሥጋውንና ጮማውን ቈራርጦ፥ ሳይፈጭ በፊት በደንብ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ጮማ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ በመፍጫውም ውስጥ ከቀለጠ በእሳት ላይ ሁሉ ፈስሶ ያልቅና ቋሊማው ይደርቃል። የሥጋ መፍጫ የሌለው ቤት እንደ ክትፎ በስለታም ቢላዋ አድቅቆ ይክተፈው፤ እንዲያውም የተከተፈው ይጣፍጣል።

ሦስተኛ፤ ሥጋው፥ ቅመሙ፥ ጨውና ቀዝቃዛው ውኃ በአንድነት ይታሻሉ። ልጁ የዘለላት ይህችን ነገር ነው። ጨው በሥጋው ውስጥ ያለውን አያያዥ ነገር የሚያወጣው ሲታሽ ነውና፥ ሥጋው እንደ ሊጥ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪጀምር ድረስ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ማሸት ይገባል። ከዚያ በኋላ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። ማቀዝቀዣው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ሥጋውም ከተፈጨ በሁለት ቀን ውስጥ ተጠብሶ ማለቅ አለበት።

አራተኛ፤ ቅመሙ መስማማቱን ለማወቅ ጥሬውን አይቅመሱ። ጥቂት ቈንጥሮ በመጥበሻ ጠብሶ መቅመስ ነው። የጐደለ ጨው ቢኖር የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከተጠቀለለ በኋላ መመለሻ የለውም።

አምስተኛ፤ አንጀት ለማግኘትና ለማጠብ የሚችል፥ የበግ አንጀት ገልብጦ፥ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ አጥቦ፥ ፍቆ ይሙላው። ይህ ሥራ ግን ትዕግሥትና ብዙ ውኃ ይጠይቃል። እኛ ያለ አንጀት ነው የሠራነው፤ እጅን በቀዝቃዛ ውኃ አርሶ፥ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረትና እንደ ዳቦው ርዝመት መጠቅለል ብቻ ነው። ከአንድ ኪሎው ወደ ሃያ ይወጣል፤ ለአንድ ዳቦ ሁለት ሁለት ማለት ነው።

ስድስተኛ፤ የከሰሉ ነበልባል ጠፍቶ ፍሙ ነጭ ዐመድ ሲለብስ ይጠበሳል። ጮማው እየተንጠባጠበ እሳቱ ቢነሣ ቋሊማውን ወደ ዳር ገለል ማድረግ እንጂ ውኃ መርጨት አያስፈልግም። አንጀት የለበሰውን በሹካ መውጋት ደግሞ ጮማውን አፍስሶ ያደርቀዋልና ይቅር። እያገላበጡ ስምንት ወይም ዐሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

አስቀድመን በልብ ይኑር ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይፈለጋል። ሌላውን ሥጋ ስንጠብስ ቅላቱ ሲጠፋ በሰለ እንላለን። ይህ ግን በበርበሬው የቀላ ነውና፥ ቢበስልም ቀይ ነው፤ ባይበስልም ቀይ ነው። በመልኩ የፈረደ ሰው ይሳሳታል። የሙቀት መለኪያ ያለው ቤት መለኪያውን ወደ መካከሉ አስገብቶ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይይ። መለኪያ የሌለው አንዱን ከመካከሉ ሰንጥቆ፥ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ፥ ሥጋውም እስከ ውስጡ የጠነከረ መሆኑን ያረጋግጥ። የተጠራጠረ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይጨምር። በጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶን መከራ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ምክር ብዙ ማስረጃ ሳይጠይቅ ይቀበላል።

ቋሊማው በሚጠበስበት ጊዜ ሌላው ሰው አዋዜውን ያዘጋጅ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ጨው፥ ጥቂት የሎሚ ጭማቂና ድልህ የሚያደርገው ያህል ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። የቱኒዚያ ሰዎች አሪሳን ሲሠሩ የደረቀውን ዛላ በውኃ ዘፍዝፈው፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከድንብላልና ከሌላ ቅመም ጋር ወቅጠው በዘይት ያርሱታል። እኛ አስቀድመን አድርቀን ፈጭተን ኋላ እናርሰዋለን። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱ የሚደርሱበት ስፍራ ተቀራራቢ ስለ ሆነ፥ አሪሳ ባይገኝ አዋዜ ያለ ኀፍረት በቦታው ይገባል።

ድንቹም በጣት ልክ ተቈርጦ፥ ታጥቦ፥ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ በዘይት ይጠበሳል። ቲማቲም፥ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ደቀቅ ተደርገው ይከተፋሉ። ፉርኖውን በአንድ ጐኑ ብቻ ሰንጥቆ፥ ጀርባው ሳይለያይ፥ በፍሙ አጠገብ ጥቂት ማሞቅ ነው። ከዚያ አዋዜውን በውስጡ መቀባት፥ ሁለቱን ቋሊማ ማስተኛት፥ ቲማቲሙን መበተን፥ ድንቹን ከላይ ማድረግ ነው። ወዲያው ይበላል፤ የቈየ እንደ ሆነ ዳቦው ይርሳል። የተረፈ ቋሊማ ቢኖር ከሁለት ሰዓት በላይ በውጭ ሳይቀመጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ።

እንግዲህ አንባቢ እንደሚያየው በዚህ አንድ ዳቦ ውስጥ የሰሜን አፍሪካ ቋሊማ፥ የአውሮፓ ዳቦ፥ የአሜሪካ ድንችና የእኛ አዋዜ ተገናኝተዋል። አንዱም ስሙን አልካደም፤ አንዱም ሌላውን አልዋጠም። ድብልቅ ምግብ ሁሉ የሚመሰገነው እንዲህ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ለምን እንደ ገባ ተጠይቆ መልስ የሚሰጥበት ድብልቅ ጣዕም አለው። ያገኙትን ሁሉ አንድ ላይ መጨመር ግን መዘባረቅ ነው።

ይህን ያነበቡ እናቶች «ጾም ሲገባስ?» ማለታቸው አይቀርም። በጾም ቀን ቋሊማው ይቀራል፤ ዳቦውና አዋዜው ግን አይቀሩም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ተማሪው የሚገዛው፥ ድንች በዳቦ ውስጥ ከበርበሬ ጋር የሚቀርብበት «እርጥብ» የሚባለው ምግብ የመርጌዙ ዳቦ የጾም ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ድንቹን ቀቅሎ፥ ፈርከስ አድርጎ፥ በነጭ ሽንኩርት፥ በከሙንና በበርበሬ በዘይት ማቁላላት፥ ቃሪያና ቲማቲም መጨመር ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ ዳቦ ወተት፥ ቅቤ ወይም እንቍላል ይገባበታልና ዳቦ ጋጋሪውን መጠየቅ፥ ሥጋ የተጠበሰበትንም ዘይት ለጾም ምግብ አለመጠቀም። ይህም ያው የፊተኛው ጥያቄ ነው።

ልጁ የዕረፍት ጊዜውን ፈጽሞ ወደ ማርሴይ በተመለሰ ጊዜ፥ አያቱ በርበሬና ኮረሪማ በትንሽ ከረጢት ቋጥረው ሰጡት። ሲሰናበቱትም «ስትበላ ጠይቅ፤ ስትጠይቅ ግን አትቈጣ» አሉት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በስልክ ሲነግረን፥ ዘወትር የሚያልፍበትን የመንገድ ዳር ሻጭ ስለ ቋሊማው እንደ ጠየቀው ሰማን። ሻጩ ሥጋውንም ቅመሙንም አንድ በአንድ ቈጠረለት፤ አልፎም ከእናቱ እንደ ተማረው ነገረው። ልጁም የአያቱን ልማድ ገለጠለት፤ የሚበላውን በቤቱ እንደሚሠራም ነገረው። ሻጩ አልተቀየመም፤ ይልቁንም «ያንተ ከሙን ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዛሬ ሰላምታ የሚለዋወጡ ወዳጆች ናቸው። እናታችን ይህን ሰምተው ምንም አልተናገሩም፤ በማግሥቱ ግን ለሌላ ከረጢት የሚሆን በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጡ።

እኛም ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። ልጆቻችን ከውጭ የሚያመጡትን ምግብ ሁሉ ሳናይ ብንመልስ፥ ልጆቹ ከነምግባቸው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሳንጠይቅ ብንቀበል ደግሞ ገበታችን ምን እንደ ተቀመጠበት የማናውቀው ባዕድ ይሆንብናል። ስለዚህ ልጁ «ይቅመሱልኝ» ሲል፥ «ና፥ አብረን እንሥራው» የሚል መልስ ይዘን እንቆየው። አሮጊቶቻችንም ገና ያልተጠየቁት ብዙ ሙያ አላቸውና፥ በማዕድ ቤት ሳሉ ወንበር እንስጣቸው።

ለሚመጣው ወር ቸር ያድርሰን።